ለእመጫት የተለቀቀ ተራ

«እኔ የምፈራው በሽታውን አይደለም፤ ያንቺን አፍ ነው።»

አጎቴ ይህን ያሉኝ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው። ከሐኪሙ ክፍል ከወጣን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አባቴ ከኛ ራቅ ብሎ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራሱ በፋሻ ተጠምጥሟል። አጠገቡ ላለ ለማያውቀው ሰው ስለ በጎቹ ያወራል።

«ምን አደረግሁ አያ?» አልኳቸው። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ አባቴ «አያ» ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው።

«እስካሁን ምንም። ገና ልታደርጊ ነው። ፊትሽ ይናገራል።»

እውነታቸውን ነው። እግሬ ወደ አባቴ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ያለንን አንድም ሳላስቀር ልነግረው ነበር። ከጆሮው ፊት ተቆርጦ የወጣው እባጭ የቆዳ ካንሰር መሆኑን፣ ያውም ቶሎ ከሚሮጠው ዓይነት መሆኑን፣ አንገቱ ላይ የነበረው ንፍፊት አብሮ የወጣው ለዚሁ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ ቦታው በጨረር ካልተመታ ተመልሶ ሊበቅል እንደሚችል። ሐኪሙ «ቁስሉ እንደደረቀ መጀመር አለበት፤ ይህ ወራት የሚጠበቅበት በሽታ አይደለም» አለን። ቀጥሎ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ «ወረፋው ግን ረጅም ነው» አለ። እኔ አፉን እያየሁ ነበር። ቶሎ መጀመር አለበት፤ ወረፋው ረጅም ነው። የትኛውን ይዤ ልውጣ? ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጣሉ ከረሙ።

አጎቴ ቄስ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ አንድ ደብር ያገለግላሉ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሊባርኩኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣

«በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሻለሁ» አሉ። «የበሽታውን ስም ለአባትሽ ብትነግሪ ግዝት ይሁንብሽ።»

እኛ ዘንድ ግዝት ቀልድ አይደለም። ለቡጢ የተጋበዙ ሰዎች መሀል ቄስ ገብቶ ከገዘተ፣ የተነሳ ዱላ እንኳ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ እንደ አባቴ ጿሚ ጸላይ አይደለሁም፤ ቢሆንም ግዝት እፈራለሁ። ደግሞ ተናደድኩ። ለቡራኬ ጎንበስ ባልኩበት!

«ምነው አያ? የራሱ ራስ አይደለም እንዴ?»

«የራሱ ነው። ግን ስሙን የሰማ ሰው ከበሽታው በፊት በድንጋጤ ያልቃል። እኔ ስንቱን ቀብሬያለሁ። አንቺ ስንት ቀበርሽ?»

አጎቴ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ወደ አባቴ ሄዱ፤ እኔም እንደ ጥጃ ተከተልኳቸው።

«እንግዲህ ተገላግለሃል» አሉት። «አሁን ቁስሉ ሲደርቅ ጠባሳውን የሚያለሰልስ መብራት አለ። ወረፋ አለው። ተራህ ሲደርስ ትሞቀዋለህ፤ ያልቃል።»

«መብራት ልሞቅ?» አለ አባቴ። «ኧረ አያ፣ እኔን ሽማግሌውን በዚህ ዕድሜዬ ማን ሊያየኝ ነው ጠባሳ የማለሰልሰው? ልትድሩኝ ነው?»

ሳቀ። አጎቴም ሳቁ። ያ የማናውቀው ሰውዬም አብሮ ሳቀ። አባቴ እኔን አየኝና «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው? አሥራ ሁለተኛን ስትወድቅ እንኳ እንዲህ አልተኮሳተረችም» አለ።

አባቴ መካነ ብርሃን በሚባል ደጋ አገር ገበሬ ነው፤ ገብስና ድንች ያመርታል፣ በግ ያረባል። እባጩ ሲጀምረው ሽንብራ አያክልም ነበር። ባርኔጣው የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ «ባርኔጣው ነው የፈተገኝ» ብሎ ባርኔጣ ቀየረ። በሦስት ወር እንቁላል አከለ። እናቴ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለችልኝና «አባትሽ ጆሮው ሥር ሌላ ጆሮ እያወጣ ነው፤ ኋላ ሦስት ጆሮ ይዞ ምን ሊሰማ ነው» አለችኝ። እናቴ የፈራችውን ነገር በቀልድ ነው የምትናገረው። በጣም ስትቀልድ ቶሎ መድረስ ነው።

እኔ የምኖረው ማራኪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ማትሪክ ሲያልፈኝ እዚያው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ሥራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ መቆም ስለሆነ ተስማማን። አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ ቁስሉ እስኪደርቅና ተራው እስኪደርስ እኔ ዘንድ ይሁን ተባለ። አልጋውን ለቀቅሁለት፤ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ። አሁን አስቡት፤ ምስጢር የማትችል ሴት፣ ምስጢሩ የሚመለከተው ሰው፣ አንድ ክፍል።

ጨረሩ ያለው ሌላ ከተማ ነው። ማሽኑ ጥቂት፣ ሰው ብዙ። ቦታ በተገኘ ጊዜ የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር ሐሙስ ሐሙስ ከኛ ሆስፒታል ይላካል። ዝርዝሩን የምትይዘው አንዲት ነርስ ናት፤ ስልኳን ይዤ ነበር። በየሳምንቱ እደውላለሁ። አንድ ሳምንት «ገና ነው» ትለኛለች። በሚቀጥለው «ተቃርባችኋል»። በሚቀጥለው እንደገና «ገና ነው»። ከተቃረብን በኋላ እንዴት ገና እንሆናለን? «ወረፋ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን። «የባሰበት ሲመጣ ይሄዳል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ የባሰበት እንዲሆን ልመኝ ወይስ እንዳልመኝ ግራ ገባኝ። የባሰበት ከሆነ ቶሎ ይታያል። የባሰበት ከሆነ ግን የባሰበት ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤታችን የሕክምና ተማሪዎች ያዘወትሩታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስለ ቆዳ በሽታ የተጻፈ ወፍራም ሃንድአውት አምጥቶ አሥር ኮፒ አለኝ። ገጹ ሲወጣ የአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ፎቶ አየሁ፤ ጉንጩ ላይ የአባቴ እባጭ በቅሏል። ያው ራሱ፤ ቅላቱ፣ ማብለጭለጩ። ያንን ገጽ አሥራ አንድ አደረግሁትና አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። ማታ ማታ አባቴ ሲተኛ በስልኬ እየተረጎምኩ አነባለሁ። አንዱ አንቀጽ «በቶሎ» ይላል። ከታች ያለው ደግሞ «ምን ያህል ቶሎ የሚለው ላይ ስምምነት የለም» ይላል። የተማሩት ካልተስማሙ እኔ ከማን ጋር ልስማማ?

ልጁ ኮፒውን ሊወስድ ሲመጣ ጠየቅሁት።

«ይሄ ሰው ዳነ?»

«የቱ ሰው?»

«ፎቶው ላይ ያለው።»

ገጹን አየና ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ እንጃ። እሱ ለፈተና አይመጣም።»

ጠዋት ጠዋት አባቴ ፀሐይ ሊሞቅ በር ላይ ሲቀመጥ፣ ጋቢውን የማስተካክልለት መስዬ አንገቱን እዳብሳለሁ። ሐኪሙ አዲስ እብጠት ካያችሁ ብሎናል። አባቴ ጥቂት ቀን ዝም ብሎኝ ከረመና «ምነው አንቺ ልጅ፣ እንደ በሬ አንገት አንገቴን ትዳብሺኛለሽ? ልትሸጪኝ ነው?» አለኝ።

«ማን ይገዛሃል» አልኩት።

«ጥርሴን ሳያዩ አይገዙኝም» አለና አፉን ከፍቶ አሳየኝ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ይብላ ብሏል፤ አባቴ ንክች አላለም። አጎቴ መጥተው «እኔ ፈቅጄልሃለሁ፤ በሽተኛ ጾም የለበትም» አሉት። አባቴ ወንድሙን ትክ ብሎ አያቸው።

«አያ፣ ለጠባሳ ብዬ ሁዳዴን ልግደፍ? ምን ነካህ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

እኔ አጎቴን አየኋቸው፤ እሳቸው ምንጣፉን አዩ። «ጠባሳ» ያሉት ቃል ከዚህች ጊዜ ጀምሮ ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ መኖር ጀመረ። አባቴ ሽሮውን በላ። እንቁላሉን እኔ በላሁት፤ እየተናደድኩ።

የአጋማሽ ፈተና ደርሶ ሥራ የበዛበት ሐሙስ ነበር። አባቴ ቁስሉን የሚታይበት ቀን ነው። ሁልጊዜ አብሬው ነበር የምሄደው፤ ያን ቀን ግን ተማሪው በሩ ላይ ተሰልፏል። «መንገዱን መች አጣሁት፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ብቻውን ሚኒባስ ተሳፈረ። እኔ ሁለቱን ማሽን አብሬ እያስጮህኩ ዋልኩ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ መጣ። ፋሻው ተነስቷል፤ ጠባሳው ቀልቶ ይታያል። በሁለት እጁ ትንሽ አዲስ የሸክላ ድስት ይዟል። ፊቱ የበዓል ፊት ነው።

«ዛሬ ሸጋ ሥራ ሠራሁ» አለኝ።

«ምን ሠራህ?»

«ተራዬ ደርሶ ነበር።»

ማሽኑን አጠፋሁት። «ነበር ማለት ምን ማለት ነው?»

ተረጋግቶ ነገረኝ፤ እሱ ወግ ሲያወራ አይቸኩልም። ወንበሩ ላይ አጠገቡ የወለቃ ሴት ተቀምጣለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት። አንድ ጡቷ በበሽታ ተቆርጧል፤ በቀረው ሕፃን ታጠባለች። እሷም ያንኑ መብራት ነው የምትጠብቀው። ነርሷ መጥታ «አባት፣ ተራዎ ደርሷል፤ ዛሬ ስምዎ ይላካል፤ ሰኞ እዚያ ይገኛሉ» አለችው። ለሴትየዋ ደግሞ «ያንቺ ለሚቀጥለው» አለቻት። ሴትየዋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እንባዋ ሕፃኑ አናት ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ አባቴ። «ወፍጮ ቤት እመጫት ከመጣች ማን ተራውን ይይዛል? ከሌሊት የመጣም ቢሆን ይለቃል። ያልለቀቀ ሰው ዱቄቱ በረከት የለውም። ነርሷን ‘የኔን ለእሷ አድርጊላት’ አልኳት። እኔ እንደሆን ቁስሌ ደርቋል፣ እርሻው ደርሷል፤ ከትንሣኤ ወዲያ እመለሳለሁ። ለጠባሳ ብዬ እመጫት ላስለቅስ?»

«ነርሷስ እሺ አለች?»

«እሺ አትልም። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ‘አባት፣ ሕክምናው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?’ አለችኝ። እንዴት አላውቅም አልኳት፤ ወንድሜ ቄስ ነው፣ አስረድቶኛል። ወዳንቺም ደወለች፤ አላነሳሽም። ኋላ እሺ አለች፤ ፈረምኩ። ሴትየዋ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር። ይቺን ድስት በግድ አስያዘችኝ።»

አፌን ከፈትኩ። መስቀሉ ግንባሬ ላይ የነካኝ ቦታ የቀዘቀዘ መሰለኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ቦርሳዬን ከፍቼ ስልኬን አየሁ፤ ሁለት ያልተነሳ ጥሪ። አባቴን እዚያው ተማሪዎቹ መሀል ትቼው ወጣሁና አስፋልቱን እስከ ዳር ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄጄ ተመለስኩ። በማን ልናደድ? እሱ ደግ ነው። ሴትየዋ በሽተኛ ናት። ነርሷ ጠይቃለች። አጎቴ ወንድማቸውን ይወዳሉ። እኔ ስልክ አላነሳሁም። በሁሉም ተናደድኩ፤ ንዴቱ ግን በአንዱም ላይ ሊረጋልኝ አልቻለም። ስመለስ አባቴ ድስቱን ለተማሪዎቹ እያሳየ «እንዲህ ያለ ሸክላ እናንተ አገር አለ?» ይላቸዋል።

በማግስቱ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ።

«ደወልኩልሽ እኮ» አለችኝ ገና ሳያት።

«አውቃለሁ። አባቴ ጠባሳ ነው የመሰለው።»

«ምን?»

«ካንሰር መሆኑን አያውቅም። ጠባሳ የሚያለሰልስ መብራት ነው ብለውት ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መዝገቡ ላይ ‘ለቤተሰብ ተነግሯል’ ይላል። ቤተሰብ ማለት አንቺ አይደለሽም? ምነው ሳትነግሪያቸው?»

«ተገዝቼ ነው። አጎቴ ቄስ ናቸው።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አገር ታውቃለች። ዝርዝሩን ገልብጣ አየችና «የትናንቱ ሄዷል» አለች። «ለሚቀጥለው ሐሙስ ግን አንድ ቦታ ልይዝላቸው እችላለሁ፤ ፊርማቸው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ከደረሰልኝ። እሱ ካለፈ በኋላ መቼ እንደሚገኝ እኔም አላውቅም።»

«ያዥለት እንግዲህ!»

«ሳያውቁ የለቀቁትን ሳያውቁ ላስፈርማቸው? ሰኞ መናኸሪያ ላይ ሌላ እመጫት ቢያዩስ?» ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይህን ውሰጂ። በሽታቸው ምን እንደሆነ ከሰሙ በኋላ ራሳቸው ይፈርሙበት። ከዚያ አምጪልኝ።»

ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። «ሴትየዋ ብትመልስልንስ?»

«እሷ ራሷ ትቼዋለሁ ካለች ብቻ ነው። እንዳትሄጂባት» አለችኝ።

ሄድኩባት።

ቅዳሜ ነበር። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ ከሚሸጡት መሀል ያችን እመጫት ጠየቅሁ፤ ወዲያው አሳዩኝ። ቤቷ በር ላይ ጨርቅ እያጣጠፈች ፌስታል ውስጥ ትከታለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። «አባቴ ሳያውቅ ነው የሰጠሽ፤ መልሺ።» አጭር ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መናገር አይከብደኝም።

የአባቴን ስም ጠርቼ ልጁ ነኝ ስላት እጄን ሳመችው፤ እኔን ልጅቷን!

«ደህና ናቸው? ጤና ናቸው? በሕልሜ አየኋቸው እኮ። ባሌ ማታ ‘እንዴት ያለ ሰው ነው የራሱን የሚሰጥ’ ብሎ እንቅልፍ አልወሰደውም። እሳቸው በሽታቸው ቀላል ነው አይደል? ቀላል ነው ብለውኛል። ቀላል ባይሆን አልቀበልም ነበር፤ ማርያምን።»

ዓይኔን ትጠብቃለች። «አይደለም» ብላት እንደምትመልስ አየሁ። በደንብ አየሁ። ጨርቁን ከፌስታሉ መልሳ ታወጣዋለች። ሕፃኑ ከጀርባዋ ራሱን አወጣና አፈጠጠብኝ፤ አፉ ዳር ወተት አለ።

«ቀላል ነው» አልኳት። «መልካም መንገድ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

በሕይወቴ ማንም ሳይገዝተኝ የዋሸሁት ያን ቀን ነው። በሚኒባስ ስመለስ እሷን አዳንኳት ወይስ አባቴን ገደልኩት እያልኩ አሰላስላለሁ። ደግሞ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ጨረር ያገኘ ሁሉ ይድናል ያለኝ የለም፤ ያላገኘም ሁሉ አይሞትም ይሆናል። ማንም አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ አልነገረኝም። ረዳቱ «ውረጂ እንጂ፣ ማራኪ ደርሰናል!» እስኪለኝ ድረስ መድረሳችንን አላየሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ዘንድ ደብሩ ግቢ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጠባሳ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «እሱም እንደ ጠባሳ ሰጠው። አሁን ግዝቱን ይፍቱልኝ።»

አጎቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እንዲህ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ሲያልፍ እንኳ መስቀል አላሳለሙም።

«እመጫት ናት አልሽኝ?»

«አዎ።»

«እኔም ብሆን እለቅ ነበር።»

«እያወቁ ነው ሳያውቁ?»

ቆይተው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። «የታላቅ ፋንታ ነው። አንቺ ዝም በይ። ግዝቱ አልተፈታም።»

ደስ አለኝ፤ እውነት ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ሸክሙ ከኔ ወረደ ብዬ።

ያን ዕለት ከሰዓት መጡ። እኔ ሆን ብዬ ወጣሁላቸው። ስመለስ ስለ አንድ የሞተ በሬ እያወሩ ነው፤ ሁለቱም በልጅነታቸው የሚያውቁት በሬ። አጎቴ ሲወጡ በር ላይ «ዛሬ ደስ ብሎት ነበር፤ አልቻልኩም» አሉኝ። ማክሰኞ ጠበል ይዘው መጡ፤ ጠባሳውን ረጩለት፤ ቁጭ አሉ፤ ተነሡ። «ነገ» አሉኝ። ረቡዕ ቀብር ነበረባቸው፤ አልመጡም። ስደውልላቸው «ልጄ፣ ሰው እየቀበርኩ ነው» አሉኝ። ስልኩ ውስጥ ለቅሶው ይሰማል። እኔ በአፌ የምታወቅ፣ እሳቸው በቅዳሴ ድምፃቸው የሚታወቁ፣ ሁለታችንም አንድ ቃል ማውጣት አቃተን።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዱ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን ላስተካክል ሄድኩ። ከጠባሳው በታች፣ አንገቱ ላይ፣ ጣቴ ሥር አንድ ነገር ነበረች። ሽንብራ አታክልም። ትናንት ነበረች? የስፌቱ ቋጠሮ ናት? ሌላ ናት? ጣቴን አነሳሁ፤ መለስኩ። እኔ ምን አውቄ።

«ዛሬም ገዢ አላመጣሽም?» አለኝ።

«አባባ፣ መብራቱ ለጠባሳ አይደለም።»

«እ?»

«የወጣልህ እባጭ ካንሰር ነው። ቶሎ የሚመለስ ዓይነት ነው። ጨረሩ እንዳይመለስ ነው። ለዚያች ሴት የሰጠኸው እሱን ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤ እንደ ሐኪሙ። መሬት አልተከፈተም። ጎረቤታችን ባልዲ ይዛ አለፈች፤ «እንዴት አደራችሁ» አለች፤ አባቴ «እግዜር ይመስገን» አላት። እስክታልፍ ጠበቀ።

«አያ ያውቃል?»

«ያውቃሉ።»

«እናትሽስ?»

«አታውቅም።»

«አንቺስ ከመቼ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ገዝተውኝ ነው።»

«አሁን ማን ፈታልሽ?»

«ማንም።»

ዞሮ አየኝ። የሚቆጣ መሰለኝ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጁን አንስቶ ጠባሳውን ነካ፤ ከዚያ ወደ ታች አንገቱን፤ ጣቱ እዚያችው ቦታ ላይ ቆመች።

«ብታውቅ ኖሮ ትሰጣት ነበር?» አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን እስካሁን ከሁሉም ይበልጥ ማወቅ የፈለግሁት እሱን ነበር።

ጣቱን ከአንገቱ ላይ አነሳ።

«እኔ እንጃ» አለ። «እኔ እንጃ ልጄ። ሕፃኑ ይጠባ ነበር።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ያንን ሁሉ ቀን እንቁላሉን ብላ ስትሉኝ ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«ምነው ታዲያ...» አለና ተወው። እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱን አምጪ። ፍራሽሽ ሥር የሆነ ወረቀት እንዳለ አውቃለሁ።»

ከፍራሹ ሥር ሁለቱንም አወጣሁ። የፈረንጁን ፎቶ አየው፤ ብዙ አላየውም፤ መለሰልኝ። የነርሷ ወረቀት ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ተፈርሞ ካልደረሰ ተራው እንደሚያልፍ ነገርኩት፤ በሩ ላይ አስደግፎ፣ በልጅነቱ የኔታ ዘንድ የተማራቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ እየሳለ ስሙን ጻፈ። የመጨረሻዋን ፊደል ሁለት ጊዜ ደገማት። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ተኩል አልፏል።

«ለዚያች ነርስ እንዲህ በያት» አለ። «‘ሰውዬው ነገሩን ሰምቷል። ዛሬ ተራውን ለማንም አይለቅም’ በያት።»

«እሺ።»

ቦርሳዬን አንስቼ ጫማዬን ሳጠልቅ እንደገና ጠራኝ።

«እመጫት ካለች ግን» አለ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ፣ «መጥተሽ እንዳትነግሪኝ።»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።